ጨለማ ውስጥ የከረመው ጠርሙስ

ጥቅምት 8 ቀን

ለውድ አክስቴ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውስ አሁንም ይሰድብሻል? እኔ፣ ምስጋና ለሰጪው፣ ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ጓንቴ ተቀዶ ሌላ እስኪሰጡኝ እየጠበቅሁ ስለሆነ እሱም ጎድሎኛል።

ስልክማ ታውቂዋለሽ። "ይሰማል?" "ይሰማል" ስንባባል መስመሩ ይቆረጣል፤ አንቺም "ድምፅሽ ይጣደፋል" ትያለሽ። ደብዳቤ ይሻለናል።

ባለፈው "የምትሠሪውን ሰው ሲጠይቀኝ አፌ ይያያዛል" ብለሽኝ ነበርና እንግዲህ ላስረዳሽ። የምሠራበት ክፍል ጠባብ ነው፣ መስኮቱም በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ መብራቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ መካከላቸው ትንንሽ ጠርሙሶች አሉ። ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው አልኮል ነው። አልኮል ስልሽ የሚጠጣውን አይደለም፤ አልኮል ዘመዱ ብዙ ነው። እዚያ ላይ በማንኪያ ጫፍ ቢጫ ዱቄት እጨምርበታለሁ። ዱቄቱ ጨለማ ውስጥ እንዲሁ ይቀመጣል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ይነቃና አልኮሉን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ካታሊስት ይሉታል። እንደ ደላላ አስቢው፤ ሁለቱን ወገን አገናኝቶ ውሉ ሲያልቅ እሱ እንደ ነበረ ይወጣል። ልዩነቱ ይሄኛው ደላላ ከማንም አይቀበልም።

አልኮሉ የሚለወጥበት ነገር አልዲሃይድ ይባላል። የኔ ድካም ሁሉ እዚያ ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው። ሳይደርስ ቢቀር ዋጋ የለውም፤ አልፎ ቢሄድ ደግሞ አሲድ ይሆናል፣ ያም ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በቀደም አለቃዬ አዲስ አልኮል ሰጠችኝ። መብራቱን አብርቼ ወደ ሌላ ሥራ ሄድሁ። ስመለስ ክዳኑን ከፈት አደረግሁ። እታለም፣ የኮክ ፍሬ ነው። ኮኩን በልተን ስናበቃ አባባ ፍሬውን በመዶሻ ሰብሮ ውስጡን አፍንጫችን ሥር ያደርግልን የነበረው፣ እሱ ራሱ። አባባ ይሠራው የነበረው የሳሙናችን ሽታ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ስለነበር አላለቀስሁም፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

የአባባን ሳሙና ሽታ እንደገና ልሠራው እፈልጋለሁ። ከነጋዴው የሚገዛውን ቅመም ምንነት ለማንም ሳይነግር አረፈ፤ ነጋዴውም የለም። ኮክ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ፣ ከኋላው ሌላ ነገር ነበረው። እሱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አባባ እንኳ አንቺ ሳታሸቺ ሳሙናውን ወደ ቅርጹ አያፈስም ነበር። ይህ ክፍል የተፈቀደልኝ እስከ ክረምት ነው፤ ከዚያ በኋላ መብራቶቹ የሌላ ሰው ናቸው። አፍንጫሽን አውሺኝ።

ፍንጭቷ ልጅሽ


ኅዳር 21 ቀን

ለፍንጭቷ፣

ከአንጀቴ የማትወጪ ልጄ፣ የሄድሽበት መንገድ ይቅናሽ፣ በገባሽበት ቤት ሁሉ ወንበር የሚለቅልሽ ሰው አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፤ ደረጃውም አፉን አልዘጋም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ደላላው ገብቶኛል። አልኮሉን ግን ለጎረቤት አላወራም፤ "ልጅቷ ተምራ ተምራ አልኮል ውስጥ ገባች" ብለው ያስወሩብኛል።

ስለ ሳሙናው ስትጽፊ ሆዴ ባባ። ወንድሜ ሲያማስል እንደማይናገር ታስታውሻለሽ? ሰፈሩ ሁሉ "ሳሙናው" እያለ ሲጠራው "አቤት" ለማለት እንኳ ራሱን ነበር የሚነቀንቀው። ዘይቱና ሶዳው ተያይዘው ማማሰያው መስመር መተው ሲጀምር ብቻ "እታለም" ይለኛል። እጄን ታጥቤ እመጣለሁ። ቅመሙ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ትኩሱ ላይ ከገባ በኖ ይቀራል። አጎንብሼ አሸትና ካማረኝ "ይፍሰስ" እላለሁ። ካላማረኝ ዝም እላለሁ፤ እሱም ዝምታዬን ሰምቶ ጠብታ ይጨምራል። አንድ ጊዜ ተኳርፈን ሳለ ሆን ብዬ ዝም እያልሁ ግማሽ ጠርሙስ አስጨርሼዋለሁ። የዚያን ጊዜውን ሳሙና የገዛ ሁሉ "እንደ ባለፈው አድርጉልን" እያለ መከራችንን አሳየን።

ከኮኩ ኋላ ያለው ቀረፋ ነው። ከፊት እንዳታመጪው ግን። ኮኩ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ የሚገባ እንግዳ ነው።

ከመጨረሻው ቅመም የተረፈው ጠርሙስ እኔ ዘንድ አለ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከወንድሜ ሹራብ ሥር። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አወጣሁት። አንገቱ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ጋግሯል። ሽታ የለውም። ሞቷል።

የሳሙና ሱቃችንን የተከራየችው ልብስ ሰፊ ሰላም ብላሻለች። አፏ አያርፍም እንጂ ክፉ ሰው አይደለችም። ሰሞኑን ግን ሳታንኳኳ ማድ ቤቴ እየገባች ድስቴን ከእሳት ታወርዳለች። "አረረ እኮ" ትለኛለች። ድስቱ የኔ፣ እሳቱ የኔ፣ እሷን ምን አገባት?

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትጽፊልኝ ሽታ ሽታውን በቃል ጻፊልኝ። ያ ክፍል ምን ይሸታል? እዚያ ዝናብ ሲዘንብ ምን ምን ይላል? ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የአሮጊት አምሮት ነው።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ለምትናፍቂኝ እታለም፣

ዕድሜና ጤና ከነጨዋታሽ ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጓንትም ተሰጠኝ።

ጠርሙሱ እንኳ አልሞተም፣ አልፎ ሄደ እንጂ። ያ ጨው የመሰለው ነገር አሲዱ ነው። ክዳኑ እየላላ አየር በገባ ቁጥር ሽታው ቀስ እያለ ወደዚያ ተሻግሯል። አየሽ፣ አልኮሉም የረባ ሽታ የለውም፣ አሲዱም የለውም፤ እኛ የምንወደው ሁለቱ መካከል ያለውን ነው። ዱቄቴን የወደድሁትም ለዚህ ነው። ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ግን እንደ ቁጡ ሰው ናቸው፣ አንዴ ከጀመሩ ማቆም አያውቁም። ይሄ መራጭ ነው።

ቀረፋው ግን ፈተነኝ። እሱን የሚሰጠው አልኮል ሊነካ የማይገባው ወገን አለው፤ ብርሃኑ ሲበረታ እሱንም አብሮ ይነካካዋል። መብራቱን ራቅ አደረግሁ፣ አየሩንም ቀነስሁበት። እሺ አለኝ። ከዚያ ሁለቱን አልኮሎች አንድ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ሳበራላቸው፣ አንቺ እንዳልሽው ኮኩ ቀድሞ ቀረፋው ተከተለው። ለኔ እንደዚያ መሰለኝ፤ ፍርዱ ያንቺ ነው።

የጠየቅሽኝን ልጻፍ። ክፍሉ የጋለ አቧራ ይሸታል፣ ትንሽም ፕላስቲክ። ኮሪደሩ ማታ በሳሙና ስለሚታጠብ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ጨርቅ ይሸታል፤ የነሱ ሳሙና ሎሚ ነኝ ይላል እንጂ ሎሚ አይቶ አያውቅም። ዝናቡ እዚህ ምንም አይሸትም። የኛ ቤት ዝናብ መጀመሪያ የዛገ ቆርቆሮ ነበር፣ ቀጥሎ የደጁ አቧራ፣ አባባ የተዘረጋውን ሳሙና ሊያስገባ ሲሮጥ ደግሞ ኮክ። እስከ ዛሬ ዳመና ባየሁ ቁጥር የሚሮጥ ሰው ኮቴ ይሰማኛል።

እዚህ አንድ ልማድ አለን። ብርሃን ለሚያገኘው ጠርሙስ ሁሉ መንታ እናበጅለታለን። ሁሉ ነገሩ አንድ ነው፤ ግን ፎይል በሚሉት ብርማ ወረቀት ጠቅልለን ብርሃን እንዳያይ እናደርገዋለን። "ጨለማው" ነው ስሙ። ጨለማው ውስጥ ምንም ካልተለወጠ፣ ሥራውን የሠራው ብርሃኑ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ ያሳዝነኛል፤ ሁሉ ተሰጥቶት ብርሃን ብቻ ተነፍጎ ይቀመጣል።

ዱቄቱን አጥልዬ አውጥቼ ሽታሽን ልኬልሻለሁ። የሥራ ባልደረባዬ እናት ይዛልሽ ትመጣለች። በመንገድ ብርሃንና አየር አግኝቶት እንዳያልፍብን ክዳኑን አጥብቄ በፎይል ጠቅልየዋለሁ። እንደ ጥንቱ እጅሽን ታጥበሽ፣ አጎንብሰሽ አሽቺው። የምትይኝን እስክሰማ እንቅልፍ የለኝም።

ፍንጭቷ


ጥር 29 ቀን

ለፍንጭቷ፣

እጅሽ ይባረክ፤ የነካሽው ሁሉ ይሙላልሽ።

ጠርሙሱ ደረሰኝ። እጄን ታጥቤ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አጎነበስሁ። ኮኩ ከፊት፣ ቀረፋው ከኋላ፤ ልክ በነገርሁሽ መንገድ። ወንድሜ ማማሰያውን ይዞ ከፊቴ የቆመ መሰለኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጠብታ አትጨምሪ፣ ጠብታ አትቀንሺ። ይፍሰስ።

ያመጣችልኝ ሴትዮ ደግ ሰው ናት። ተቀምጠን ስንጫወት ድንገት ብድግ ብላ ድስቴን አወረደችልኝ። የልብስ ሰፊዋ እህት ሳትሆን አትቀርም።

ስለ ዝናቡ የጻፍሽውን ወደድሁት፤ እንደሱ ያለ ጨምሪልኝ። የአባትሽን ሹራብ ሽታ ታስታውሺዋለሽ? እኔ አጠገቤ ስለሚውል ለምጄው ነው መሰለኝ፣ ካንቺ ብሰማው ደስ ይለኛል።

አክስትሽ


መጋቢት 30 ቀን

ለእታለም፣

ጤና ይስጥሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ሳልጽፍልሽ ከረምሁ። "ሥራ በዝቶብኝ" ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድሁት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ጨፍሬያለሁ። ለአለቃዬ ነገርኋት፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ነገርኋት፣ አሳንሰር ውስጥ ለማላውቀው ሰው ነገርሁት። ከዚያ መደርደሪያውን ላስተካክል ስል በፎይል የተጠቀለለ ጠርሙስ አገኘሁ። ጨለማው ነው ብዬ ልደፋው ከፈትሁት። ክፍሉ ኮክና ቀረፋ ሆነ።

እታለም፣ ሁለቱንም ነበር የጠቀለልኋቸው። አንዱን ብርሃን እንዳያየው፣ አንዱን ደግሞ ብርሃን እንዳያሳልፈው። ዱቄቱን ከሁለቱም አጥልዬ ስለነበር መልካቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም እንደ ውኃ ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆነና ላንቺ የላክሁት ጨለማውን ነው። እሱ ውስጥ ኮክ የለም። ቀረፋም የለም።

መጀመሪያ በራሴ ተናደድሁ። ቀጥሎ ባንቺ ተናደድሁ፤ እንዳታዝኝብኝ፣ እውነቱን ልጻፍ ብዬ ነው። ከዚያ ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ እንደገና አነበብሁ። ድስቱን አነበብሁ። ዝናቡን አነበብሁ። የአባባን ሹራብ ሳነብ ወረቀቱን አስቀመጥሁት።

ደኅናውን ጠርሙስ ልኬልሽ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ልል ነበር። አንጀቴ እምቢ አለኝ። ብቻሽን የምትኖሪ ሴት ነሽ፤ ጋዝ ቢያፈስ በምን ታውቂያለሽ? ከመቼ ጀምሮ ነው? ሐኪም አይቶሻል? ስለ ሳሙናው አሁን አትጨነቂ። ስላንቺ ጻፊልኝ።

ልጅሽ


ግንቦት 26 ቀን

ለልጄ፣

ሰላም ዋይ፣ ሰላም እደሪ።

ነገርና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ይሄኛው እያደር ከበደኝና ነው የዘገየሁት።

ሽታ የጠፋብኝ ካለፈው ክረምት ጉንፋን ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሽንኩርቱ የተበላሸ መስሎኝ ባለሱቁን ተጣላሁት። ቀጥሎ ሳሙናው፣ ቀጥሎ የታጠበ አንሶላ። ሁሉ ነገር ባንድ ጊዜ አይበላሽም ብዬ ራሴን ጠረጠርሁ። የአባትሽን ጠርሙስ "ሞቷል" ብዬ ስጽፍልሽ እሱ ሞቶ ይሁን እኔ ሞቼበት አላውቅም ነበር። ሐኪሙ "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አለኝ። ይህንማ ሳልሰለፍም አውቀው ነበር።

ለምን እንደዋሸሁሽ ልንገርሽ። "አፍንጫሽን አውሺኝ" አልሽኝ። ሌላ ምን አለኝ? አባትሽ ዘይቱን ያውቃል፣ ሶዳውን ያውቃል፣ ማማሰሉን ያውቃል፤ እኔን የሚጠራኝ ለዚህች ለአፍንጫዬ ነበር። የላክሽውን ጠርሙስ ይዤ አየር ስስብ፣ አየር ስስብ ቆየሁ። እዚያ ሆነሽ የምትጠብቂኝ ታየኝ። አባትሽም ማማሰያውን ይዞ እንዲህ ነበር የሚጠብቀኝ። ይፍሰስ አልሁ።

የሹራቡን ሽታ ረሳሁት፣ ልጄ። ፊቴን ቀብሬበት ሱፍ ብቻ ሆነብኝ። ሞቱን ለምጄው ነበር፤ ይሄ ሁለተኛ ሞቱ ነው።

ስለ ጋዙ አታስቢ። ልብስ ሰፊዋ ከመጀመሪያው አውቃለች፤ ሰው አልነገራትም፣ ድስቱ ነው የነገራት። ማታ ማታ ሱቋን ስትዘጋ ሲሊንደሬንም ትዘጋዋለች። ለካ እኔ የምሰድባት እሷ ስትጠብቀኝ ነው።

ዳኝነቱን ግን ትቼዋለሁ። ሌላ ሰው ፈልጊ።

አክስትሽ


ሰኔ 24 ቀን

ለእታለሜ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ልብስ ሰፊዋንም ይባርክልሽ፣ እጅ እንደ ነሳሁ ንገሪልኝ።

ሌላ ሰው የለም። ቢኖርም አልፈልግም።

የአባባ ሹራብ ይኸውልሽ። አንገትጌው ኮክ ነበር፣ ጠርሙሱን በጥርሱ ስለሚከፍት። እጅጌው የሶዳ ጭስ ነበረው፤ አንቺ "ሶዳ ሽታ የለውም" ብለሽ ትከራከሪኝ ነበር፣ አሁንም አልተረታሁም። ደረቱ ላይ የተቀረጸ እርሳስ፣ ኪሱ ያለ እርሳስ ቁራጭ አይውልምና። ጀርባው ላይ ፀሐይ፤ ፀሐይ ምን ይሸታል እንዳትይኝ፣ ከገመድ ላይ የወረደ ልብስ አሽትተሽ ታውቂያለሽ። ቀረፋው ከሁሉ በኋላ ሲያቅፈኝ ነበር የሚመጣው። ስትረሺው ይህን አንብቢው፤ ወረቀቱ ካለቀ ሌላ እጽፍልሻለሁ።

ከክፍሉ ልወጣ ነው። መብራቶቹን የሚረከበው ሰው ጠረጴዛውን መለካት ጀምሯል። ደኅናውን ጠርሙስ ልኬልሻለሁ፤ በዚህ ጊዜ አለቃዬም አሽትታ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም አሽትታ ነው የታሸገው። ነገር ግን ልክ መሆኑን እኔ አላውቅም። እኔ ከቤት ስወጣ ልጅ ነበርሁ፤ ይህን ሽታ የወደድሁት ራሴ የፈጠርሁት ሆኖ ይሁን የኛ ሆኖ መለየት አቅቶኛል። እንድትፈርጂልኝ አልልክልሽም። ቤትሽ ይቀመጥ።

ፍንጭቷ


ነሐሴ 14 ቀን

ለፍንጭቷ፣

የወጣሽው በሰላም ይሁን፣ የሚቀጥለው ቤትሽም መስኮት ያለው ይሁን።

አስቀድሜ ፍርዱን ልንገርሽ፦ ልክ ነው። የኛው ነው። እንዴት አወቅሽ ብትይኝ ደግሞ ስሚኝ።

ጠርሙሱን ይዤ ብዙ አሰብሁ። ሽታ ባይገባኝ የሰው ፊት ይገባኛል፤ ስንት ዓመት ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ ያየሁት እሱን ነው። ወስጄ ሱቁ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ከፈትሁት። ልብስ ሰፊዋን "ለሚገባ ሰው ሁሉ ትንፍሽ እንዳትዪ" አልኋት። ለሷ አፍ መዝጋት የጥርስ ሕመም ነው፤ ግን ቻለችው። እኔ ጓዳው በር ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

መጀመሪያ ቀሚስ ልታስረዝም የመጣች ልጅ "ደስ የሚል ሽታ" አለች። እሷን አልቆጠርኋትም፤ ሳሙናችን ሲያልቅ ገና አልተወለደችም። ሌላዋ የገባችው አፍንጫዋን ይዛ እየሳለች ነበርና ለሷ አዘንሁላት እንጂ አልጠበቅሁባትም።

ከዚያ ጡረተኛው ሹፌር መጣ። ታስታውሺው እንደሆን፣ የመኪና ቅባት ከእጁ የሚያስለቅቅለት የኛ ሳሙና ብቻ ነው እያለ ከአባትሽ ጋር ሲጫወት የሚውለው ነው። ቀብሩ ላይ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ሱሪ ሊያስጠብብ ኖሯል። ባርኔጣውን እንዳደረገ ገብቶ፣ "ሰውነቴ ቀነሰ እንጂ ሱሪው አልሰፋም" እያለ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሲከራከር መካከል ላይ ቃሉ ቆመ። ሱሪውን እንደያዘ ወደ ጓዳው በር ዞረ፤ ወንድሜ ቆሞ ያማስልበት ወደ ነበረው። እኔን አላየኝም፣ በላዬ አሻግሮ ነበር የሚያየው። ባርኔጣውን አወለቀና፣ "እንደምን አደርክ፣ ሳሙናው" አለ።

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች። ሰውየው ያለው ነገር ዘግይቶ ለራሱ ተሰማውና አፈረ፤ ባርኔጣውን በእጁ ያዞረው ጀመር። ሰላምታ አቅርቦ መልስ አጥቶ የሚቆም ሰው ማየት አልወድም። ስለዚህ ከወንበሬ ተነሥቼ በወንድሜ ፈንታ፣ "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ አንተስ እንደምን አደርክ?" አልሁት።

አክስትሽ